በቂብላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማዕበል

ልጄ ከዓረብ አገር ስትመለስ ሦስት ሻንጣና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ነገር ይዛ መጣች። ሚኒባሱ ከደሴ መጥቶ በራችን ላይ ሲቆም ረዳቱ ያንን ጠፍጣፋ ነገር እንደ ሙሽራ አቅፎ ከጣሪያው አወረደው። ሰፈሩም ወዲያው ፈረደ፤ ቴሌቪዥን ነው። ብርድ ልብሱ ገና ሳይፈታ ሦስት ጎረቤት "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለን። አንዱማ ኳስ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ነግሮኝ፣ የሚቀመጥበትንም ቦታ መርጦ ሄደ።

ሲፈታ የወጣው ባሕር ነው። ያውም አንድ አይደለም፣ ሦስት ባሕር፤ በወርቃማ ፍሬም ታጥሮ፣ በመስታወት ተከድኖ።

እኔ እዚህ ሐይቅ፣ ከውሃው ዳር የተወለድኩ ሰው ነኝ። አርባ ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ። ውሃ ሲያረጥበኝ ፀሐይ ሲያደርቀኝ ኖሬ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ጊዜ "እፎይ፣ ከውሃ ተገላገልኩ" ብዬ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ለካ አዝናልኝ ኖሯል፤ ውሃውን ሳሎኔ ድረስ አመጣችልኝ። አሳቢ ልጅ ናት።

ትንሹ ሥዕል ላይ ጀምበር ስትወጣ በረጋ ውሃ ላይ የቆሙ መርከቦች አሉ። በእሱ ላይ ነገር የለኝም። ሁለተኛው መርከቦች በመድፍ ሲታኮሱ፣ ሸራቸው ሲነድድ ያሳያል። እንግዳ ምሳ እየበላ ቢያየው ሆዱ የሚከፈትለት ዓይነት ነው። ሦስተኛውና ትልቁ፣ እኔና ሚስቴ ሁለታችን ተጋግዘን ያነሳነው፣ ማዕበል ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ውሃው እንደ አምባሰል ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከመካከሉ አንድ ትልቅ መርከብ በጎኑ ተኝቷል።

"ኮፒ ነው አባዬ" አለችኝ ልጄ። "የሳለው ሰው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዓለም የታወቀ ሥዕል ነው።"

"ዋናውስ?"

"ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ተቆልፎ፣ በዘበኛ ይጠበቃል።"

የፈረንጅን ብልሃት ያደነቅሁት ያኔ ነው። ዋናውን ማዕበል ቆልፎ አስቀምጦ ግልባጩን ለዓለም ያድላል። ዓለም ደግሞ ሲሰለቸው ለእኛ ይልካል። አሠሪዋ ሴትዮ ቤቷን ስታድስ "ጣያቸው" ብላት ነው ልጄ ለምና የወሰደቻቸው። "ስድስት ዓመት አቧራቸውን የጠረግኩት እኔ ነኝ፣ እንዴት ቆሻሻ ላይ ልጣላቸው?" አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

ያልጠየቅነው ሌላም ነገር ነበር። ልጄ ስትመጣ "ለሁለት ወር ነው" ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ትመለስ እንደሆነ፣ አትመለስ እንደሆነ አፍ አውጥታ አልነገረችንም። እኔና ሚስቴም የማንወደውን መልስ እንዳንሰማ ጥያቄውን ዋጥነው። ዓረብ አገር የላካት ደላላ ግን እንደ እኛ ይሉኝታ የለበትም። ሁለት ቀን ሳይሞላው ይደውላል። "አዲስ ኮንትራት አለ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው" ይላታል። እሱ ዘንድ መጥፎ ሰው ኖሮ አያውቅም። እሷም "አስቤ እነግርሃለሁ" ትለዋለች። ከሦስቱ ሻንጣዎች ሁለቱ እንደተቆለፉ አልጋዋ ሥር ተቀመጡ። እኔም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አጎንብሼ አያቸዋለሁ።

በማግሥቱ ታዲያ "አባዬ፣ መዶሻ የት ነው?" አለችኝ።

ሚስቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ሻንጣው ቢቆለፍም ሊሄድ ያሰበ ሰው ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። እንዲህ ብለን በዓይን ተነጋገርን። መዶሻውን ፍለጋ የሮጥኩትን ያየ ጉልበቴን ታምሜያለሁ ብል አያምነኝም።

አሁን ስለ ግድግዳችን መናገር አለብኝ። ቤታችን የጭቃ ነው። ጭቃ ግድግዳ ምስማር ስትመታበት ቶሎ እሺ ይላል፣ ቶሎም ይለቃል። ምስማር የሚጸናው ከጭቃው በስተኋላ ያለውን ቋሚ እንጨት ካገኘ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ሥዕል የሚሰቀልበትን ቦታ የሚመርጠው ባለቤቱ ሳይሆን ቋሚው ነው። ልጄ ግድግዳውን በጣቷ አጥንት እያንኳኳች ዞረች። ለሁለቱ ትናንሾች ቦታ ተገኘላቸው። ያንን ከባድ ማዕበል የሚችል ግን አንድ ቋሚ ብቻ ነው፤ በሰሜን በኩል ያለው ወፍራሙ ወይራ። ሌሎቹን ምስጥ ቀድሞ ቀምሷቸዋል።

ሰሜን ደግሞ ቂብላችን፣ ወደ መካ ዞረን የምንሰግድበት አቅጣጫ ነው። ሐይቅ ላይ ቂብላ የሚጠፋበት ሰው የለም፤ ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ አፍንጫውን ወዳዞረበት መዞር ነው። እኔ ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ከጁምዓ በቀር የምሰግደው ቤቴ ነው፣ በዚያው ወይራ ቋሚ ፊት ለፊት። ከእኛ ዘንድ ደግሞ ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል በሚሰገድበት በኩል አይሰቀልም። እናም ምስማሩ ሳይመታ ጠየቅኋት።

"ሰው ወይ እንስሳ የለበትም አይደል?"

"መርከብና ውሃ ነው አባዬ" አለችና መታችው።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ "አላሁ አክበር" ባልኩ ቁጥር መርከብ ሊሰምጥ ሲል አገኘዋለሁ። ኹሹዕዬ፣ የሰላት ተመስጦዬ፣ በረታ ማለት እችላለሁ። እንዲህ ያለ ማዕበል ፊት ቆሞ ልቡ የሚባክን ሰው የለም።

ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ በዐስር ሰላት ላይ፣ የምዕራቡ መስኮት ብርሃን የሥዕሉን ግርጌ ነካው። ጥግ ላይ፣ ከትልቁ መርከብ ራቅ ብላ፣ የባቄላ ገለባ የምታክል ጀልባ አየሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሃይማኖት አልነበረም። "መቅዘፊያውን እንዲህ ይይዛል እንዴ ይህ ደደብ!" ነው ያልኩት በልቤ። ደደብ ለመሆን ነፍስ እንደሚያስፈልግ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ስንተኛው ረክዓ፣ ስንተኛው የሰላት ዙር ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለተኛም ጠፋኝ፤ ለካ ረክዓውን ትቼ ሰዎቹን እየቆጠርኩ ነው። ዐሥራ አንድ ናቸው።

"ምነው ዛሬ ሰላትህ ረዘመ?" አለችኝ ሚስቴ።

"ሰው በዝቶብኝ ነው።"

ለልጄ አልነገርኳትም። ብነግራት ታወርደዋለች። ቢወርድ ባዶ ምስማር ይቀራል። ባዶ ምስማር ደግሞ ደላላው ሲደውል የሚያግዘው እንጂ እኔን የሚያግዘኝ አልመስል አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ልጄ ፓስፖርቷን ለማሳደስ ደሴ ሄደች፤ አክስቷ ቤት ሁለት ቀን ልትቆይ። "ፓስፖርት ለማይሄድ ሰውም ያስፈልጋል" አልኳት ሚስቴን። "መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ቤቱን ያሞቃል።"

"እርስዎ እንዲህ እያሉ ራስዎን ያባብሉ" አለችኝ። ሲከፋት አንቱ ትለኛለች።

እኔም ልጄ ሳትመለስ ነገሩን ልጨርስ ብዬ የመስጂዳችንን ሸኽ ምሳ ጠራኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ከመስጂድ ብቀር እንኳ ጉልበቴን እንጂ እኔን አይወቅሱም። ዓሣቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው ከሥዕሉ ፊት ቆሙ።

"እርግጠኛ ነህ ሰው ናቸው? ነጠብጣብ ነገር ናቸው እኮ።"

"ይቀዝፋሉ ሸኽዬ።"

ጠጋ አሉ። "ሱብሓን አላህ፣ የሚቀዝፍማ ሰው ነው" አሉ። "ታዲያ አውርደው፤ ምን ቸገረህ?"

"ማውረዱ ይከብደኛል።"

"ፍሬሙ ነው የሚከብድህ?"

"ልጅቱ ናት።"

ነገሩን ነገርኳቸው፤ ሻንጣውን፣ ደላላውን፣ ምስማሩን። የሸኹም ሁለት ልጆች እዚያው ዓረብ አገር ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠርገው መልሰው አደረጉ። "አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ። "ራስ የሌለው ነገር ከዛፍ አይለይም። ራሳቸውን አጥፋው፣ ይበቃሃል።"

"ዐሥራ አንድ ሰው ራስ ልቁረጥ?"

"በቀለም ሸፍን አልኩህ እንጂ ሰይፍ ምዘዝ መቼ አልኩህ!"

ቀለም ከየት ይምጣ? ሚስቴ ከልጃችን መስኮት ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ይዛ መጣች። መጀመሪያ እኔ ሞከርኩ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ራስ ስፈልግ አንዱን ሰውዬ ወገቡን አገኘሁት። ሚስቴ ብሩሿን ነጠቀችኝ። መረቤን ስትጠግን የኖረች ሴት ናት፤ ጣቷ አይስትም። መስታወቱ ላይ፣ በእያንዳንዱ ራስ ትክክል፣ "ቢስሚላህ" እያለች አንድ ቀይ ነጠብጣብ ታሳርፋለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ "ከኋላ አንድ ቀርቷል፣ እሱም ያ መቅዘፊያ መያዝ የማያውቀው ነው" እያልኩ አመላክታለሁ። ሻይ እስኪፈላ ጨረስናቸው። በዚህ ዕድሜያችን እንዲህ ያለ ሥራ አብረን ከሠራን ቆይተናል።

ዐስር ደረሰ። በደስታ ቆምኩ። ዐሥራ አንድ ቀይ ነጠብጣብ፣ አንድም ፊት የለም። ቁርአን ቀራሁ፤ ለሩኩዕ አጎነበስኩ። ከሱጁድ ግንባሬን አንስቼ ቁጭ ስል ዓይኔ ወደ ላይ ሄደ። ሁሉም ከነራሳቸው እዚያው አሉ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ለእኛ ለብልሆቹ ግን አልታየንም። ፍሬም ሠሪው በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል ዙሪያውን ወፍራም ነጭ ካርቶን አስገብቶበታል፤ ስለዚህ ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። እኛ ቀለሙን የቀባነው መስታወቱ ላይ፣ ቆመን ነው። ቁጭ ብለህ ከታች ስታየው ቀዩ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ራሱ ከሥሩ ብቅ ይላል። ስቆም ይሸፈናሉ፤ ስቀመጥ፣ ዐሥራ አንዱም ቆባቸውን አንስተው "እንዴት ዋልክ" ይሉኛል። ጨዋ መርከበኞች ናቸው። በየረክዓው ሰላምታ አላቋረጡብኝም።

በማግሥቱ የጀልባ ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጣ። የአምባሰል ሰው ነው፣ ክርስቲያን። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጀልባ አጥምደናል፤ እሱ ጾም ሲሆንበት ከባዱን ሥራ እኔ፣ እኔ ረመዳን ሲሆንብኝ እሱ እየሠራ። ገብቶ ሥዕሉን ሲያይ ከትከት ብሎ ሳቀ።

"ምን ሆኑ እነዚህ? ኩፍኝ ወጣባቸው?"

"ራሳቸውን ቆርጠን ነው።"

"ለእኔ በሰጠኸኝ! እኛ ቤት ሥዕል ራስ ብቻ አይደለም፣ በራሱ ዙሪያም ብርሃን እንጨምርለታለን።"

መሬት ላይ ቁጭ አድርጌ ቆብ ሲያነሱ አሳየሁት። እንባው እስኪፈስ ሳቀና ዓይኑን ጠርጎ ወደ ሥራ ገባ፤ እኛ ለሥራ ነው ውሃ የምናየው። "ይህን ተመልከት፣ ባንዲራው ወዲህ ይውለበለባል፣ ሸራው ወዲያ ተነፍቷል። ነፋሱ ሁለት ነው?"

"ፈረንጅ ሀብታም ነው፤ ለባንዲራው ለብቻ ነፋስ ይገዛለታል። ይልቅ ያንን ከኋላ ያለውን እየው፤ መቅዘፊያውን ምን አድርጎ ነው የያዘው?"

ጓደኛዬ አተኩሮ አየ። ሳቁን ተወ። "እየቀዘፈ እኮ አይደለም። ሌሎቹ ይቅዘፉ፣ እሱ የጀልባዋን አፍ ወደ ማዕበሉ አዙሮ ይዟታል። ከለቀቃት በጎኗ ትገለበጣለች። ረሳኸው? ያን ክረምት ነፋስ ሐይቁ መካከል ላይ ሲይዘን አንተ ምን አደረግህ? ልክ እንዲህ ነው የያዝከው። ልጅህ ዳር ቆማ ታለቅስ የነበረ ጊዜ።"

"እኔ ከእሱ መልኬ ይሻላል" አልኩት። ግን ደደብ ያልኩትን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ያን ቀን ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ምሳዬን ይዛ መጥታ፣ ወደ ዳር እስክንወጣ ድረስ ከውሃው ጫፍ አልተነቃነቀችም።

እሱ እንደወጣ ልጄ ከባጃጅ ወረደች። ሻርፗን እያወለቀች ገባች፣ እናቷን ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ቀና ስትል ሥዕሉን አየች። ከሁሉ በፊት ዓይኗ የሄደው ወደዚያች ጥግ ነው።

"ማነው ራሳቸውን ቀይ ያደረገው?"

ሚስቴ ወደ እኔ አመለከተች። እኔ ወደ መስጂዱ አመለከትኩ።

"የሚሰገድበት ስለሆነ ነው ልጄ" አልኳት። "ሰው እንዳለበት ታውቂ ነበር?"

"በየቀኑ እየቆጠርኳቸው እንዴት አላውቅም! ብነግርህ አትሰቅለውም ብዬ ነው።" ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። "ኋለኛውንም ቀባችሁት?"

"ዐሥራ አንዱንም።"

"እሱን እንኳ ብትተዉት።"

"ምኑ ተለየና?"

በጣቷ ያንን ነጠብጣብ ነካችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "እሱ አንተ ነበርክ" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት አቧራውን ስጠርግ 'አባዬ፣ እንዴት አደርክ?' እለው ነበር። ማዳም ዱዓ የማደርግ ይመስላት ነበር። አንዳንድ ቀን አታውቅም፣ ከሰው ጋ ሳልነጋገር እውላለሁ፤ ከእሱ ጋ ግን አወራለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልሰመጥክም።"

ሚስቴ ወደ ማጀት ገባች። እዚያ የምትሠራው ሥራ አልነበራትም።

ልጄ ፈገግ አለችልኝና፣ "ችግር የለም አባዬ፤ ሰላትህ ይበልጣል። አወርደዋለሁ" ብላ ፍሬሙን በሁለት እጇ ያዘችው። ምስማሩ ጭቃው ውስጥ ሲጮህ ሰማሁት።

"ተይው!" አልኳት። በዚህ ቤት ድምፄ እንዲህ ከፍ ካለ ስንት ዓመቱ። "ይህ ቀለም በምን ይለቃል?"

"በአሴቶን።"

"አምጪዋ።"

አመጣች። ጥጡን አርጥቤ ራሴ ጠረግሁት፤ ለመጥረግማ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዲያውም ይመረጣል። ከኋለኛው ጀመርኩ። ራሱ ወጣ። እውነቱን ለመናገር መልኬን አይመስልም፣ ፂምም የለውም፤ ግን ይሁን አልኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ለሁሉም ራሳቸውን መለስኩላቸው። ስጨርስ መስገጃዬን ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩና እህል የምናስቀምጥባት ጓዳ ገባሁ። ሰሜን ግድግዳዋ ባዶ ነው፤ ከአንድ የበቆሎ ጆንያ በቀር የሚያየኝ የለም። ከሳሎን እስከ ጓዳ ሰባት እርምጃ ነው። ሸኹ ሲሰሙ "ይህን ከመጀመሪያው ምነው ባደረግህ!" ማለታቸው አይቀርም። ምን እመልሳለሁ? ይህን ሰባት እርምጃ ላለመራመድ ዐሥራ አንድ ሰው አስፈጅቻለሁ።

መስገጃውን ዘርግቼ ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ጓዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ኮትህን ምን ላይ ልትሰቅል ነው? መቁጠሪያህንስ?"

"ጆንያው ላይ አስቀምጠዋለሁ።"

"ጆንያ ላይ!" አለችና ተመልሳ ወጣች። ስትመጣ መዶሻውን ይዛለች፤ ሁለት ምስማር በከንፈሯ ነክሳለች። ግድግዳውን በጣቷ አጥንት እያንኳኳች ቋሚ ፍለጋ ጀመረች። እዚህ ጭቃ ነው፣ እዚህም ጭቃ ነው።

ሳሎን ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ሚስቴ ከማጀት "ያ ደላላሽ ነው! ምን ልበለው?" ብላ ተጣራች።

ልጄ አፏ ምስማር ይዟል። ምናምን አጉተመተመች፤ አልገባንም። ግድግዳውን ማንኳኳቷን ግን አልተወችም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ፤ እሷም ያን ጊዜ ቋሚውን አግኝታ መምታት ጀምራ ስለነበር የስልኩ ድምፅ ለእኔ አልተሰማኝም ማለት እችላለሁ። የመጀመሪያውን መታች። ሁለተኛውን መታች።

እኔም ቀስ ብዬ ወጥቼ የምስማሩን ጣሳ ፈለግሁላት። ምናልባት ሦስተኛ ያስፈልጋት ይሆናል።